ከፓውዛው ሥር ያለፈ ጋቢ

መሰላል መውጣት ካቆምሁ ቆየሁ። መጀመሪያ ዓይኔ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ቀዩን ሽቦ ከቡናማው ለመለየት ደጅ ይዤ መውጣት ስጀምር ባለቤቴ "በቃህ፣ ሳትወድቅ በሰላም ውረድ" አለችኝ፤ ወረድሁ። ካቻቢቴውንም ፒንሳውንም ለሚሠራባቸው ሰጠሁ።

ሰው ግን አሁንም ቤቴ ድረስ እየመጣ ይጠይቀኛል። ደብረ ታቦር እንደ ድሮው አይደለችም፤ ቤቱ በዝቷል፣ አጥሩ ረዝሟል፣ ሰዉም ፈርቷል። "አያ ማሩ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ? የደጁን መብራትስ የት ላድርገው?" ይሉኛል። እኔ መልሼ "ማታና ንጋት ላይ ምን ለብሳችሁ ነው የምትወጡ የምትገቡት?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ሽማግሌው ጃጀ የሚሉም አይጠፉም። አያ ደሴ የሚባል ሰው ስሙን እንዴት እንዳጣ ካልነገርኋቸው ጥያቄዬ አይገባቸውም። አፌን ከፍቼ ለእያንዳንዱ ከምነግር ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደሉ ቢጣመም አንባቢ ያቃናልኝ።

ወደ መብራት ሥራ የገባሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ከውትድርና ስመለስ መሬቱን ወንድሞቼ ተካፍለውት ደረስሁ። በእነሱም አልፈርድም፤ ሞቷል ተብሎ ተዝካሬ ወጥቶ ነበር። ከተማ ገባሁና ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግኑ፣ ቤትም ሽቦ የሚዘረጉ ጋሼ ኑሩ የሚባሉ ሰው ዘንድ ተጠጋሁ። መስገጃቸውን ከዕቃ ሣጥናቸው ላይ አጥፈው የሚያስቀምጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከሳቸው ነው።

"ሽቦ በመዳፍህ አትቅረብ" ይሉኝ ነበር። "መዳፍ ይጨብጣል፤ ከጨበጠ አይለቅም። በእጅህ ጀርባ ቅረበው፣ ቢመታህ ራሱ ይወረውርሃል።" ሽቦ ላይ ናስትሮ ሲጠቀልሉ መጨረሻውን ጫፍ ትንሽ አጥፈው ይተዉታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው "ከኔ በኋላ የሚፈታው ሰው ጥፍር ባይኖረውስ?" አሉኝ። እሳቸው የሠሩትን ቤት ከስንት ዘመን በኋላ ስከፍተው ያቺን ጫፍ አገኛታለሁ፤ እዚያው ቆሜ ነፍስ ይማር እላለሁ።

የደጅ መብራት ሲሰቅሉ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። አመሻሽ ላይ በርጩማ አስወጥተው ደጁ ላይ ይቀመጣሉ። የቤቱን ሰው በሙሉ ከግቢው ያስወጡና "በሉ፣ እንደምትመጡት ሆናችሁ ግቡ" ይላሉ። አንዱ ከገጠር የመጣ ሰው ቃላቸውን ይዞ አህያውን በርበሬ ጭኖ በበሩ ገባ። እኔ ሣቅሁ።

"አንት ማሩ፣ ምን ያስቅሃል?" አሉኝ።

"አህያ አስመጡ እኮ፣ ጋሼ።"

"መብራቱ ከራሱ በላይ ሲሆን ጥላው የት ወደቀ? ፊቱ ላይ። ይህ ሰው ሲመሽ ሲገባ ሚስቱ በመስኮት ብታይ አህያ እንጂ ባል አይታያትም።" አምፖሉን ከራስጌ አውርደው ወደ ጎን፣ ሰው ፊት ወዳለበት ከፍታ አመጡት። ከላይ የመጣ መብራት የሰው ዓይን ጉድጓድ ያደርጋል፤ ከጎን የመጣ ግን ዘመድህን ያሳይሃል፣ አሉኝ።

ከሳቸው ዘንድ ወጥቼ ማዘጋጃ ቤት የመንገድ መብራት ላይ ተቀጠርሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ "በርቷል አልበራም?" ምን ላይ በራ፣ ለማን በራ፣ አይጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ ለበዓል ለበዓል ብቻ ነበር የሚያስታውሰን። ጉና ተራራ ሥር ወዳለችው ገሳይም ተልኬ ጤና ጣቢያ ጀነሬተር ስጠብቅ አንድ ክረምት ከረምሁ፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንቴ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። ደመወዙ ለጤፍና ለቤት ኪራይ ይደርሳል፤ ስለሱ ይህ ይበቃል። በኋላ ለቅቄ የራሴን ትንሽ ሱቅ ከፈትሁ። ጋሼ ኑሩ በዚያው ሰሞን ዐረፉ።

ካሜራ ሲመጣ አርጅቼ ነበር፤ ግን ገመድ ገመድ ነው ብዬ ገባሁበት። ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ካሜራና መብራት ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱን ለየብቻ ገዝተህ አታኖራቸውም። ካሜራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በራሱ ዙሪያ ሰው ዓይን የማያየው መብራት አለው፤ በድቅድቅ ጨለማ ያያል፣ የሚያሳይህ ግን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ነው። ክረምት ጉም ሲወርድ የራሱ መብራት ጉሙ ላይ ይመታና የሚያሳይህ እርጎ ነው። ሸረሪትም ያንን ሙቀት ትወዳለች፤ ድሯን ትሠራበትና ሌሊቱን ሙሉ ሸረሪት ስትቀዳ ታድራለህ። ሁለተኛው ዓይነት ቀለም ያሳያል፤ እሱ ግን የደጅ መብራት ካላበራህለት ዕውር ነው። ሰው ሲያልፍ ብቻ ቦግ የሚል መብራት የገጠምህለት እንደሆነ ደግሞ ለቅጽበት ይንጸባረቅበትና ዓይኑን እስኪያሻሽ ሌባው አልፏል። ቆርቆሮ አጥርም እንደ መስታወት ነው፤ መብራቱን መልሶ ካሜራው ላይ ይተፋዋል። ይህን ሁሉ የተማርሁት በመሳሳት ነው፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ ቀላል፣ ወጥተህ የምታቃናው ነበር። አንዱ ግን ወጥቼ የማቃናው አልሆነም።

እትዬ ጥሩዬ እህል ነጋዴ ናቸው። ከእብናት ማሽላና ጤፍ እያስጫኑ ደብረ ታቦር ይሸጡ ነበር። ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ግቢያቸው ተሰብሮ እህል ስለተወሰደባቸው አስጠሩኝ። ስሄድ ከል ለብሰዋል፤ ቀሚሱ ጥቁር፣ ሻሹ ጥቁር፣ ነጠላው ሳይቀር በጥቁር የተነከረ። ከሳቸው ጋር የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ ደረታቸውን አስም ይዟቸው ከአልጋ ብዙም አይነሡም። በሩን የሚጠብቀው አያ ደሴ ነው።

አያ ደሴ የገሳይ ሰው ነው። ጀነሬተር ስጠብቅ ሌሊት ብርድ የምንከፋፈለው ከሱ ጋር ስለነበር እንደ ወንድም እንተያያለን። ጨዋታ አዋቂ ነው። መሰላሉን ይዞልኝ ቆሞ ወደ ላይ እያየ፣ "አያ ማሩ፣ እንግዲህ ይህ ነገር ከገባ እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው?" አለኝ።

"ካሜራ ሌባ አያባርር፣ ያያል እንጂ።"

"እኔስ መቼ አባርሬ አውቃለሁ? እኔም አያለሁ እንጂ!"

እትዬ ጥሩዬ ከበረንዳው ሰምተው "መተኛትህን ነው የሚያየው ደሴ!" አሉት። ተሣሣቁ። ሁለቱ እንዲህ ነበሩ፤ ይህ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

እኔ በራሱ መብራት የሚያየውን ካሜራ ላድርግልዎ ብያቸው ነበር። እሳቸው "የሌባውን መልክ፣ የልብሱን ቀለም ማየት እፈልጋለሁ" አሉ። ተገቢ ነው፤ ቀለም የሚያሳየውን አመጣሁ። ለሱ የሚበቃ ትልቅ ፓውዛም አመጣሁ። ፓውዛውን ከጎን ካለው ምሰሶ ላይ ላድርገው ስል "በሩ ላይ በቀጥታ እንዲያበራ፣ ከካሜራው በላይ አድርገው፤ ሌባው ብርሃን ሲያይ ይደንግጥ" አሉ። አደረግሁት። ሲመሽ አበራሁና "በሉ ከበር ወጥተው ይግቡ፣ እንየው" አልኋቸው። በዚያ ጥቁር ልብስ ወጥተው ገቡ። መቅጃው ላይ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ይቈጠር ነበር። "ፎቶ ቤት ያነሣኝ መሰለ" ብለው ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ መሰላሌን ተሸክሜ ሄድሁ።

በዚህ ከተማ በማለዳ ጥቁር ለብሶ የሚወጣ ሰው ከሐዘንተኛ በቀር የለም። ሰዉ ሁሉ ነጭ ጋቢውን ከራሱ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ካሜራ ደግሞ ከፊቱ ያለው ጥቁር ሲሆን ዓይኑን ይከፍታል፣ ነጭ ሲሆን ይጨፍናል። ይህን ለየብቻ አውቀው ነበር። አንድ ላይ አላሰብሁትም።

እትዬ ጥሩዬ ለእህል ግዢ እብናት ሄደው ባደሩበት፣ የማርያም ዕለት ንጋት ላይ፣ ሁለት ሰዎች ግቢ ገቡ። ዕቃ ወሰዱ። እትዬ ዘውዴን እንዳይጮኹ አፋቸውን በጨርቅ አሥረው ሄዱ። አስም ያለበት ሰው አፉ ታሥሮ አይቆይም። አያ ደሴ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከኪዳን ጸሎት ሲመለስ በሩን ክፍት፣ እሳቸውን ሞተው አገኘ። የጮኸውም፣ ጎረቤት የጠራውም፣ ፖሊስ ያመጣውም እሱ ነው።

ጠዋቱን መቅጃውን እንድከፍት ተጠራሁ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ መቀመጫ እንኳ መጀመሪያ ለኔ ሰጠኝ። ከፈትሁት። መጀመሪያ ጋቢ የለበሰ ሰው ከውስጥ ወጥቶ በሩን ይቈልፋል። ትንሽ ቆይቶ ጋቢ የለበሰ ሰው ከውጭ ይመጣና በቁልፍ ይከፍታል፤ ከኋላው ሌላ ይከተለዋል። ጋቢው እንደ በረዶ ያበራል፤ የጥለቱ ቀለም እንኳ በንጣቱ ተውጧል። ፊት ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ጥቁር ቀዳዳ ነው።

"አጉላው" አለኝ መርማሪው።

አጎላሁት። ባጎላሁት ቁጥር ጋቢው ይሰፋል እንጂ ፊት አይወጣም።

"የወጣውና ተመልሶ የገባው አንድ ሰው ነው?"

"አላውቅም ጌታዬ።"

"ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?"

አንዱ አያ ደሴ ዘንድ ነው። ሌላው ወጥ ቤት ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር፤ እህል ተሸካሚ ሁሉ በሱ ፊት ይገባል ይወጣል፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ መቼ ባዶ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። አያ ደሴ "በሩን ቈልፌ ኪዳን ነበርሁ" አለ። ምስክር አምጣ ተባለ። ከጎኑ ቆመው የጸለዩ ሰዎች ተጠየቁ፤ ምን ይበሉ? በጨለማ ጋቢ ከጋቢ ጎን ቆሞ ነበር። አንዱ "አጠገቤ ሰው ነበር፤ ደሴ ይሁን ሌላ ግን አልማልም" አለ። አያ ደሴን ወሰዱት።

እትዬ ጥሩዬ ከእብናት ሲመጡ ከለቅሶው ተነሥተው መቅጃው ፊት ተቀመጡ። "አካሄዱ የሱ ነው" አሉ። ደጋግመው እያዩ በደጋገሙ ቁጥር ይበልጥ እርግጠኛ እየሆኑ ሄዱ። በሥዕሉ ላይ አካሄድ የሚባል ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ። ግን እኅቱ የሞተችበትን ሰው ምን ትለዋለህ?

ከብዙ ቀን በኋላ፣ ሱቄ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጋሼ ኑሩ በበርጩማ ተቀምጠው "እንደምትመጡት ሆናችሁ ግቡ" ሲሉ ትዝ አሉኝና ተነሥቼ መርማሪው ዘንድ ሄድሁ።

"ጌታዬ፣ ያው መብራት፣ ያው ካሜራ እንዳለ ነው። ሰዎች ጋቢ ለብሰው በዚያው በር ይግቡ። እትዬ ጥሩዬ ውስጥ መቅጃው ፊት ተቀምጠው ማን ማን እንደሆነ ይንገሩን።"

ሰማኝ። ሲመሽ አደረግነው። አያ ደሴን ከእስር አመጡት፤ ከስቶ ጋቢው ሰፍቶታል። እሱ፣ አንድ ፖሊስ፣ አንድ ጎረቤትና መርማሪው ራሱ ተከናንበው አንድ በአንድ ገቡ። እኔ ከእትዬ ጥሩዬ ጎን ቆሜ ነበር። የመጀመሪያውን "እንጃ" አሉ። ሁለተኛውን "እንጃ" አሉ። ሦስተኛው ሲገባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ይኸው! ይኸው ደሴ! እንዲህ ነው የሚረግጠው!" አሉ።

ሰውየው ወደ ውስጥ ገብቶ ጋቢውን ከራሱ አወረደ። መርማሪው ነበር።

እትዬ ጥሩዬ ቁጭ አሉ። ወደ እኔ ዞረው "እንግዲያ ደሴ አይደለም ማለት ነው?" አሉኝ።

"እሱ ነው አይልም፣ እትዬ። አይደለምም አይልም። ምንም አይልም።"

"ታዲያ ለምን ሰቀልኸው?"

በማግሥቱ ሁለቱንም፣ ፓውዛውንም ካሜራውንም፣ አስወረዱኝ።

አያ ደሴ ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ተፈታ። ሌቦቹ እስከ ዛሬ አልተያዙም። ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ሱቄ መጣና ያንን ቀረጻ አሳየኝ አለኝ፤ ቅጂው ነበረኝ። ሁለት ጊዜ አየው። ሲጫወት የኖረ ሰው፣ ጨዋታው ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

"አያ ማሩ፣ እኔ አለመሆኔን የማውቀው ኪዳን ስለነበርሁ ነው" አለኝ። "ይህን ብቻ ባይ ኖሮ እኔም እኔ ነኝ እል ነበር።"

ገሳይ ገባ። ክፉ ስሙ ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር። ከተማ ውስጥ አልተገኘበትም ይባላል እንጂ አላደረገም የሚል የለም። ብርቄ የምትባል ልጁ ታጭታ ነበርና የወንዱ ወገኖች ነገሩን እናጣራ አሉ። አያ ደሴ "አንተ መጥተህ ብትነግርልኝ ያምኑሃል፤ የሰቀልኸው አንተ ነህና" ብሎ ላከብኝ። በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ።

ሽማግሌዎቹ ቤቱ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በመካከል የወንዱ አባት። ብርቄ ጠላ ቀድታ ከሰጠች በኋላ ወደ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃው ግን ሲነቃነቅ አያለሁ፤ ከጀርባው ቆማለች።

"ካሜራውን የሰቀልኸው አንተ ነህ?" አሉኝ የወንዱ አባት።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ ሳትፈራ ሳታፍር ንገረን። በሩን የከፈተው ደሴ ነው አይደለም?"

መብራቱን፣ ጋቢውን፣ መርማሪው ራሱ ደሴ ነው እንደተባለ፣ ሁሉንም አስረዳሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ገብቶናል፤ አይታይም ነው የምትለው። እኛ የምንጠይቅህ ሌላ ነው። እሱ አይደለም ብለህ ትምላለህ?"

አያ ደሴ ከበሩ ጎን ቆሟል። አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብምል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ይህን እስክሞት አውቀዋለሁ።

"ያላየሁትን አልምልም" አልሁ። "ደሴን ግን አውቀዋለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው አይደለም፤ በዚህ እምላለሁ።"

የወንዱ አባት በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። "በማወቅማ እኛም እኮ እናውቀው ነበር" አሉ። ጠላውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ፤ ሌሎቹም አስቀመጡ። በትራቸውን ይዘው ተነሡ። መጋረጃው መንቀሳቀሱን ተወ።

አያ ደሴ እስከ መኪና መንገድ ልሸኝህ አለኝ። ትንሽ እንደሄድን "አትዘን" አለኝ። "ያላየኸውን አየሁ ብትል ኖሮ እኔም ሁለተኛ አላምንህም ነበር።"

ከጉና የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቈርጥ ነበር፤ የምናገኘው ሰው ሁሉ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። እሱ ብቻ ጋቢውን ከራሱ አውርዶ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ሰው በመጣ ቁጥር ከመንገዱ መሐል ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ሰውየው ያዞራል፣ ቀድሞ ጮክ ብሎ "እንዴት ዋላችሁ!" ይላል። አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። "ራስህን ሸፍን እንጂ፣ ብርድ ይገድልሃል" አልሁት። አልሰማኝም መሰለኝ፤ ሌላ ሰው እየመጣ ነበር።